ልዩ ልዩ የሥነ ጽሑፍ ሥራዎችን በአንድ ጭብጥ የሚያስተሳስር ድርሰት አጻጻፍ

መግቢያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ከሚሰጡት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ መልመጃዎች መካከል ተማሪዎችን በእጅጉ የሚያስቸግረው፣ ሁለት ወይም ሦስት መጻሕፍትን በአንድነት አንሥቶ የጋራ ሐሳባቸውን የሚመረምር ድርሰት መጻፍ ነው። አንድ ልብ ወለድ ብቻ ሲሰጠው ታሪኩን፣ ገጸ ባሕርያቱንና የቋንቋ አጠቃቀሙን አስተካክሎ የሚያብራራ ተማሪ፣ ሦስት መጻሕፍትን አገናኝቶ እንዲጽፍ ሲታዘዝ የመጀመሪያውን ታሪክ ይተርካል፤ ቀጥሎ የሁለተኛውን፣ ከዚያም የሦስተኛውን ይተርክና በመጨረሻ «ሦስቱም መጻሕፍት ስለ ትምህርት ጠቃሚነት ይናገራሉ» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይደመድማል።

ይህን የመሰለውን ወረቀት የሚያርም መምህር ችግር ላይ ይወድቃል። ታሪኩ በትክክል ተተርኳል፤ የገጸ ባሕርያቱ ስም አልተዛባም፤ ፊደሉም አልተገደፈም። ይሁን እንጂ በወረቀቱ ውስጥ የተማሪው የራሱ የሆነ ሐሳብ አይገኝም። መምህሩ ከፍተኛ ነጥብ ቢሰጠው ማስታወስ ማለት ማሰብ ነው ብሎ እንዳስተማረው ይቆጠራል። ዝቅተኛ ነጥብ ቢሰጠው ደግሞ ተማሪው የጎደለው ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ለሚቀጥለው ጊዜ ታሪኩን ይበልጥ አስረዝሞ ለመተረክ ይዘጋጃል። ስለዚህ ጉድለቱ የተማሪው ስንፍና ብቻ አይደለም። የማስተሳሰር ሥራ በምን ደረጃ እንደሚከናወን በግልጽ ያለመማሩ ውጤት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በምን ቅደም ተከተል ሊከናወን እንደሚችል በምሳሌ ይብራራል። ለምሳሌነት የተመረጡት ሦስት የታወቁ የአማርኛ ልብ ወለዶች ናቸው፤ እነርሱም በ1925 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «አዲስ ዓለም»፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ እንዲሁም በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ናቸው። ሦስቱን የሚያገናኘው ጉዳይ የተማረ ሰውና ኅብረተሰቡ ነው።

ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ

ተማሪዎች አስቀድመው ለይተው ሊያውቁት የሚገባው በርእሰ ጉዳይና በጭብጥ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ርእሰ ጉዳይ መጽሐፉ የሚያነሣው ነገር ሲሆን በአንድ ወይም በሁለት ቃል ሊጠራ ይችላል፤ ፍቅር፣ ትምህርት፣ ጭቆና፣ ስደት ሁሉም ርእሰ ጉዳዮች ናቸው። ጭብጥ ግን መጽሐፉ ስለዚያ ነገር የሚለው ነው፤ ስለዚህ ጭብጥን ለመግለጽ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል። «ትምህርት» የሚለው ቃል ርእሰ ጉዳይ ነው። «ትምህርት አድማጭ ካላገኘ ባለቤቱን ብቸኛ ያደርገዋል» የሚለው ግን ጭብጥ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ሰው ሊስማማበት ወይም ሊከራከርበት ይችላልና።

ከዚህ በላይ በመግቢያው የተጠቀሰው ተማሪ የወደቀበት ስሕተት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ሦስቱን መጻሕፍት ያገናኘው በርእሰ ጉዳይ እንጂ በጭብጥ አይደለም። በርእሰ ጉዳይ ብቻ የማይገናኙ መጻሕፍት ጥቂት ናቸው። ሁለት ሰዎች ስለ ዝናብ ተናገሩ ማለት ሁለቱ አንድ ነገር ተናገሩ ማለት አይደለም፤ አንዱ ዝናቡ ዘግይቷል ሲል ሌላው በዝቷል ሊል ይችላልና።

የሽመና ሥራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ድር ጎን ለጎን ተወጥሮ ቢቀመጥ ጨርቅ አይሆንም፤ ጨርቅ የሚሆነው ማጉ እያንዳንዱን ክር እየተሻገረ ሲያያይዘው ነው። ሦስት ታሪኮችን በተከታታይ መተረክ ድርን ወጥሮ መተው ነው። ጭብጡ በእያንዳንዱ አንቀጽ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲሻገር ግን ድርሰት ይሆናል።

የጋራ ጥያቄ ስለ መፈለግ

ወደ ጭብጥ ለመድረስ የመጀመሪያው እርምጃ መልስ መስጠት ሳይሆን ጥያቄ ማንሣት ነው። ጥያቄው ለሁሉም መጻሕፍት በእኩልነት ሊቀርብ የሚችል፣ ነገር ግን ከሁሉም አንድ ዓይነት መልስ የማያስገኝ መሆን አለበት። መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ድርሰቱ ድግግሞሽ ይሆናል፤ ጥያቄው ለአንዱ መጽሐፍ ብቻ የሚስማማ ከሆነም ሌሎቹ ያለ ሥራ ይቀራሉ።

ለተመረጡት ሦስት መጻሕፍት የሚከተሉት አምስት ጥያቄዎች ሊቀርቡ ይችላሉ፦ የተማረው ሰው ትምህርቱን ከየት አገኘ? ከኅብረተሰቡ ጋር የተጋጨው በምን ጉዳይ ነው? ሐሳቡን የሚገልጸው በምን ዓይነት አነጋገር ነው? የሚሰማው ማን ነው? ፍጻሜውስ ምን ሆነ?

ተማሪዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚያገኙትን መልስ በሰንጠረዥ እንዲመዘግቡ ማድረግ እጅግ ይጠቅማል። ጥያቄዎቹ ከላይ ወደ ታች፣ መጻሕፍቱ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ይሰፍራሉ። የሰንጠረዡ ዋና ጥቅም ባዶ ቦታን ማጋለጡ ነው፤ ተማሪው ያልሞላው ክፍል ካለ መጽሐፉን እንደገና ማንበብ እንዳለበት ያውቃል። ሰንጠረዡ ሲሞላ የሚከተለው ይገኛል።

የ«አዲስ ዓለም» ዋና ገጸ ባሕርይ አወቀ የተጉለት ልጅ ሲሆን የተማረው በፈረንሳይ አገር ነው። ወደ ትውልድ ቦታው ሲመለስ የሚጋጨው በለቅሶ፣ በተዝካር፣ በሠርግና ይህን በመሳሰሉ ልማዶች ምክንያት ከዘመዶቹና ከአካባቢው ካህናት ጋር ነው። አነጋገሩ ትዕግሥት የተመላበትና የሚያስረዳ ነው፤ ሃይማኖትን አይነቅፍም፤ ይልቁንም ልማዱ ከሃይማኖቱ ጋር አለመስማማቱን ያሳያል። መጽሐፉም ስለ መሻሻል በሚመክር የካህናት ጉባኤ ይፈጸማል።

በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣ ባሕር ማዶ አልተሻገረም። ትምህርቱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ በትውልዱም የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ስለሆነ ከሚነቅፈው መደብ ውጭ አይደለም። የሚጋጨው የሰው ክብር በዘር የሚለካበትን ሥርዓትና የባላባቱን ከገበሬው በላይ መሆን በመቃወሙ ነው። አነጋገሩ በምሳሌና በሽሙጥ የተሞላ ነው፤ ኅብረተሰቡን በካብ ድንጋዮች መስሎ የታችኞቹ የላይኞቹን ተሸክመው መኖራቸውን የሚያመለክትበት ክፍል በአንባቢዎች ዘንድ በሰፊው ይታወቃል። ሰዎች «ጉዱ» የሚል ስም ሰጥተው እንደ እብድ ይቆጥሩታል። ከልብ የሚሰሙት በዛብህና ሰብለ ወንጌል ናቸው።

አደፍርስ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ ለአገልግሎት ወደ ገጠር የሄደ ወጣት ነው። እርሱ የሚጋጨው በአንድ በተወሰነ ልማድ አይደለም፤ የሚያየውን ሁሉ ይጠይቃል፤ የሚሰማውን ሁሉ ይከራከራል። ስሙ ራሱ የረጋውን ማደፍረስን ያመለክታል። መጽሐፉ በምልልስ የተሞላ እንደመሆኑ ንግግሩን የሚያዳምጡ ሰዎች አይጠፉም፤ ነገር ግን በሐሳቡ ተማርከው የሚከተሉት አይታዩም። በፍጻሜውም በተማሪዎች ሁከት መካከል ሕይወቱ ያልፋል።

ማዕከላዊ ሐሳብን ስለ መመሥረት

ሰንጠረዡ ከተሞላ በኋላ ተማሪው ወዲያው መጻፍ መጀመር የለበትም። መጀመሪያ በአግድም እያነበበ መመሳሰልንና መለያየትን መመርመር ይኖርበታል። በዚህ ደረጃ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ ቀላል ሐሳብ ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦ «ኅብረተሰቡ የተማረውን ሰው ያልተቀበለው ትምህርቱ ከውጭ የመጣ ባዕድ ትምህርት ስለሆነ ነው።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ጭብጥ ነው፤ አንድ ነገር ይላልና። አወቀንና አደፍርስን ብቻ ላየ ሰው እውነት ይመስላል። አንዱ በፈረንሳይ፣ ሌላው በዘመናዊ ዩኒቨርሲቲ ተምረዋል። ነገር ግን ጉዱ ካሣ ወደ ሚዛኑ ሲገባ ሐሳቡ አይጸናም። እርሱ የተማረው ኅብረተሰቡ ራሱ በሚያከብረው ትምህርት ቤት ነው፤ የሚናገረውም ኅብረተሰቡ በሚያውቀው የምሳሌ ቋንቋ ነው። ሆኖም ከሦስቱ መካከል እብድ የተባለው እርሱ ነው። በአንጻሩ ከባሕር ማዶ የተመለሰው አወቀ ያነሣው ዓይነት ጥያቄ በጉባኤ ፊት ለመቅረብ በቅቷል። እንግዲህ የትምህርቱ ባዕድነት ብቻውን በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መጻሕፍትን አስተሳስሮ የመጻፍ እውነተኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻውን የሚደግፈውን ሐሳብ ሌላው መጽሐፍ ይፈትነዋል። ተማሪውም የመጀመሪያ ሐሳቡን ጥሎ ወይም አርሞ ወደተሻለው ለመድረስ ይገደዳል። የታረመው ሐሳብ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦ «በሦስቱ መጻሕፍት የተማረውን ሰው ዕጣ የሚወስነው የትምህርቱ ምንጭ አይደለም፤ የተናገረውን ተቀብሎ ወደ ሥራ የሚለውጥ አካል በኅብረተሰቡ ውስጥ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።» በ«አዲስ ዓለም» ጉባኤው አለ። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ሐሳቡን የሚቀበሉት ራሳቸው ሥርዓቱ ያጠቃቸው ሁለት ወጣቶች ብቻ ናቸው። በ«አደፍርስ» አድማጭ ሞልቷል፤ ተቀባይ ግን የለም።

የማመሳከር ልማድ ለአገራችን ትምህርት እንግዳ አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶች የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ መምህሩ አንድን ንባብ ሲተረጉም «አንድም» እያለ ከአንድ በላይ ፍቺ ያቀርባል፤ ለፍቺውም ከሌላ መጽሐፍ ምስክር ይጠራል። መምህራን ይህን ምሳሌ ቢጠቅሱ፣ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ በብዙ ምስክር የሚጸና መሆኑን በቀላሉ ይረዳሉ።

አንቀጾችን ስለ ማዋቀር

ማዕከላዊው ሐሳብ ከታወቀ በኋላ ድርሰቱን በሁለት መንገድ ማዋቀር ይቻላል። አንደኛው እያንዳንዱን መጽሐፍ በየተራው መውሰድ ነው፤ ይህ ለጀማሪ ቀላል ቢሆንም ወደ ትረካ መልሶ የመጣል አደጋ አለው። ሁለተኛው በነጥብ ማዋቀር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ነጥብ ይዞ ሦስቱንም መጻሕፍት በዚያ ነጥብ ይመረምራል። ለተማሪዎች ይበልጥ የሚመከረው ሁለተኛው መንገድ ነው። አንዱን ነጥብ ይዞ ሦስት ታሪክ እስከ መጨረሻው መተረክ ስለማይቻል፣ አወቃቀሩ ራሱ ተማሪውን ከትረካ ይጠብቀዋል።

በነጥብ የተዋቀረ አንቀጽ የሚከተለውን መልክ ሊይዝ ይችላል፦

«ሦስቱ ገጸ ባሕርያት ሐሳባቸውን የሚገልጹበት መንገድ የተለያየ ነው። አወቀ ዘመዶቹን ለማሳመን የሚነሣው እነርሱ ራሳቸው ከሚያምኑበት ሃይማኖት ነው፤ ስለዚህ ነቀፌታው እንደ ምክር ሊቆጠርለት ይችላል። ጉዱ ካሣም የኅብረተሰቡን ቋንቋ ይጠቀማል፤ ነገር ግን በምሳሌው የሚነካው ልማድን ብቻ ሳይሆን የባላባቱን ሥልጣን መሠረት ስለሆነ፣ ምሳሌው በገባቸው መጠን ሰዎቹ ይሸሹታል። አደፍርስ ግን ከሁለቱ በተለየ ሁኔታ ንግግሩን ከአድማጩ እምነት አይጀምርም፤ ከራሱ ጥያቄ ይጀምራል። በመሆኑም ከሰዎቹ ጋር አብሮ እየኖረ ከሩቅ እንደሚናገር ሰው ይሆናል።»

በዚህ አንቀጽ ውስጥ ሊታዩ የሚገባቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ አንድ መጽሐፍ ሳይሆን ስለ ሦስቱም ይናገራል። ሁለተኛ፣ «ም»፣ «ነገር ግን» እና «ከሁለቱ በተለየ ሁኔታ» የሚሉት ማያያዣዎች ለጌጥ የገቡ አይደሉም፤ መመሳሰልን፣ መቃረንንና መለየትን በየቦታቸው ያመለክታሉ። ተማሪዎች «እንዲሁም» እና «በተጨማሪም» በሚሉት ላይ ብቻ ከተወሰኑ፣ ሐሳባቸው እየተደረደረ እንጂ እየተመዘነ አለመሆኑን መምህሩ ሊጠቁማቸው ይገባል። ሦስተኛ፣ ከታሪኩ የተወሰደው ለነጥቡ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ ነው።

ስለ ማስረጃና ስለ ዘመን

ማስረጃ ሲቀርብ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ማስረጃው ሌላ ሰው አንብቦ ሊያረጋግጠው የሚችል መሆኑ ነው። መጻሕፍቱ በተለያየ ጊዜ የታተሙ በመሆናቸው የገጽ ቁጥር ከእትም ወደ እትም ይለያያል፤ ስለዚህ ተማሪው ከገጽ ቁጥሩ ጋር ድርጊቱንና ተናጋሪውን ቢጠቅስ ይሻላል። «ጉዱ ካሣ ሥርዓቱን ይቃወማል» ማለት አስተያየት ነው። «ጉዱ ካሣ ለእገሌ ይህን በተናገረበት ጊዜ» ብሎ ቦታውን ማመልከት ግን ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ዘመንን ይመለከታል። «አዲስ ዓለም» የታተመው ከ1928ቱ የኢጣልያ ወረራ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በውጭ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት በነበሩበት ወቅት ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት፣ «አደፍርስ» ደግሞ አራት ዓመት ቀደም ብለው ታትመዋል። ነገር ግን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪክ የሚፈጸመው መጽሐፉ ከታተመበት በፊት በነበረ ዘመን ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የተጻፈበትና ታሪኩ የተፈጸመበት ዘመን ተለይተው መታየት አለባቸው። ዘመኑ ድርሰቱን የታሪክ ትምህርት ሊያደርገው አይገባም፤ ለልዩነቶቹ ምክንያት ለማግኘት ሲረዳ ብቻ ይጠቀሳል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚታይ ሌላ ጉድለት ሁሉንም አንድ የማድረግ ፍላጎት ነው። ተማሪው ለሐሳቡ የማይስማማውን ክፍል እንዳላየ ሊያልፈው ይፈልጋል። መምህሩ «ይህን ሐሳብህን የሚቃወም ክፍል ከሦስቱ መጻሕፍት በአንዱ አለ ወይ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጠይቀው ይበቃል። ድርሰቱ ተቃራኒውን ማስረጃ አንሥቶ ሲመልስለት ክብደት ያገኛል።

በክፍል ውስጥ ስለሚሰጠው ልምምድ

የዚህ ዓይነቱ ትምህርት ትልቁ ችግር የመጽሐፍ እጥረትና የተማሪዎች ብዛት መሆኑ አይካድም። በመሆኑም ሦስት ልብ ወለዶችን ሁሉም ተማሪ ያንብብ ማለት በብዙ ትምህርት ቤቶች የማይፈጸም ትእዛዝ ይሆናል። ለዚህ የሚከተለው ቅደም ተከተል ሊረዳ ይችላል።

በመጀመሪያው ሳምንት ልምምዱ በአጫጭር ሥራዎች ይጀመራል። በአንድ ጉዳይ ላይ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ ወይም አንድ ተረትና አንድ አጭር ግጥም በሰሌዳ ላይ ተጽፈው ተማሪዎች የጋራ ጥያቄ እንዲያወጡላቸው ይደረጋል። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉ በሦስት ቡድን ተከፍሎ እያንዳንዱ ቡድን አንድ መጽሐፍ ወይም የተመረጠ ምዕራፍ ያነባል፤ የሰንጠረዡንም አንድ ክፍል ይሞላል። መጽሐፉ በማይገኝበት ቦታ አንድ ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቡድኑ ሊያነብ ይችላል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ አንባቢነት በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተላለፍ ሰፊ አድማጭ ማግኘቱ፣ ልብ ወለድ በጆሮም ሊጠና እንደሚችል ያሳያል። በሦስተኛው ሳምንት ቡድኖቹ ተቀናጅተው ሰንጠረዡን በአንድነት ይሞላሉ፤ የየራሳቸውን ማዕከላዊ ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይከራከሩበታል። በአራተኛው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ይጽፋል።

አራሚው መምህር ነጥቡን አስቀድሞ ከፋፍሎ ለተማሪዎች ቢያሳውቅ የመግቢያው ችግር በከፊል ይቃለላል። ለምሳሌ ከ20 ነጥብ 5ቱ ለማዕከላዊ ሐሳብ፣ 6ቱ መጻሕፍቱን በየአንቀጹ ለማስተሳሰር፣ 5ቱ ለማስረጃ፣ 4ቱ ለቋንቋ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ አከፋፈል ታሪኩን ብቻ በጥሩ ቋንቋ የተረከ ተማሪ ምን እንዳገኘና ምን እንደጎደለው በግልጽ ያያል። የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችም በዓመቱ ዕቅድ ውስጥ ለዚህ ልምምድ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ መመደብ በቂ አለመሆኑን ልብ ሊሉት ይገባል፤ ማንበብ፣ መመዝገብ፣ መከራከርና መጻፍ በአንድ ቀን አይፈጸሙምና።

ማጠቃለያ

ልዩ ልዩ ሥራዎችን በአንድ ጭብጥ አስተሳስሮ መጻፍ ከርእሰ ጉዳይ ወደ ጥያቄ፣ ከጥያቄ ወደ ሰንጠረዥ፣ ከሰንጠረዥ ወደ ማዕከላዊ ሐሳብ፣ ከዚያም በነጥብ ወደ ተዋቀሩ አንቀጾች የሚያመራ ሥራ ነው። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱም ልዩ ተሰጥኦ አይጠይቅም፤ ሁሉም በትምህርትና በልምምድ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው።

ጥቅሙም በፈተና ወረቀት ላይ አይወሰንም። የመምህራን ማሠልጠኛ ተመራቂ በተመደበበት ቦታ የሚጠብቀው ሥራ አወቀን፣ ጉዱ ካሣንና አደፍርስን ካጋጠማቸው ሁኔታ ብዙ የራቀ አይደለም። የተማረውን ይዞ ወደ ሰዎች መካከል ይገባል፤ ምን እንደሚናገር ብቻ ሳይሆን ከየት ጀምሮ ለማን እንደሚናገር መወሰን ይኖርበታል። የሦስቱን ገጸ ባሕርያት ዕጣ በሚዛን አስቀምጦ ልዩነታቸው ከምን እንደመጣ በራሱ አእምሮ የመረመረ ወጣት ይህን ውሳኔ ያለ ዝግጅት አይጀምረውም። ታሪኮቹን በቃሉ ብቻ የያዘ ግን ፈተናው ካለቀ በኋላ ከሦስቱ መጻሕፍት የሚተርፈው ስም ብቻ ይሆናል።